ኳድፕሌን በአዲስ አበባ ከፍታ፦ ወደ ክንፍ በረራ ሲሻገር ይወርዳል፣ በጎን ነፋስ አፍንጫው አይያዝም

ባለቡም24፦

ሰላም ለቤቱ። ለካርታ ሥራ በሚበር ኳድፕሌን (በማንሻ ሞተሮች ቀጥ ብሎ ተነስቶ በክንፍ የሚበር ሰው አልባ አውሮፕላን) ላይ ምክር እፈልጋለሁ። በሁለት ቡም (ከፊት ወደ ኋላ የተዘረጉ ሞተር ተሸካሚ ቱቦዎች) ላይ አራት ማንሻ ሞተር፣ ከኋላ አንድ ገፊ ሞተር አለው። ሙሉ ክብደቱ 7.2 ኪሎ፣ ክንፉ ከጫፍ ጫፍ 2.4 ሜትር፣ የክንፉ ስፋት 0.60 ካሬ ሜትር ነው። ከፊት ሞተር እስከ ኋላ ሞተር 1 ሜትር፣ እያንዳንዱ ቡም ከመሃል 45 ሳንቲም ይርቃል። ማንሻዎቹ ባለ15 ኢንች ፕሮፔለር ናቸው፤ የፋብሪካው ሠንጠረዥ በ24 ቮልት ለእያንዳንዱ 3.6 ኪሎ ግፊት ይላል፣ ድምሩ 14.4፣ ማለትም የክብደቱ እጥፍ። ገፊው 14×6 ፕሮፔለር (ስፋቱ 14 ኢንች፣ በአንድ ዙር ወደፊት የሚራመደው 6 ኢንች) ይዞ በሙሉ ጋዝ 7,500 አርፒኤም (ዙር በደቂቃ) ይሄዳል። ባትሪው ከ21700 ሴል የተሠራ ሊቲየም አዮን 6ኤስ4ፒ (6 ሴል በተከታታይ፣ 4 በትይዩ)፣ 20 አምፔር ሰዓት። የበረራ መቆጣጠሪያ ሶፍትዌሩ አርዱፓይለት 4.5፣ ኤርስፒድ (የአየር ፍጥነት) ሴንሰርም አለው። የሚበረው አዲስ አበባ ዙሪያ፣ 2,350 ሜትር ላይ፣ አብዛኛውን ጊዜ ከቀትር በኋላ ነው።

ነፋስ ከሌለ በሆቨር፣ ማለትም በማንሻዎቹ ባለበት አየር ላይ ሲንሳፈፍ፣ ጥሩ ይቆማል። በሰከንድ 5 ወይም 6 ሜትር የጎን ነፋስ ሲመጣ ግን አፍንጫው ወደ ነፋሱ ይዞራል፤ ለመመለስ ሲታገል ደግሞ ከፍታ ይጥላል። በክሩዝ ሞድ ወደ ክንፍ በረራ ሲሻገር ማንሻዎቹ መቀነስ እንደጀመሩ አፍንጫውን ቀና አድርጎ 8 እስከ 10 ሜትር ይወርዳል፣ ከዚያ ማንሻዎቹ እንደገና ይነሳሉ። ሲመለስም መጀመሪያ ወደ ላይ ያሻቅባል፣ ቀጥ ብሎ ሲወርድ ይንቀጠቀጣል።

ከሶፍትዌሩ ቅንብሮች ኤርስፒድ_ሚን (የክንፍ በረራ ዝቅተኛ ፍጥነት፣ ሜትር በሰከንድ) 12፣ ኪው_አሲስት_ስፒድ (ፍጥነቱ ከዚህ ሲወርድ ማንሻዎቹ የሚያግዙበት) 10፣ ኪው_ትራንዚሽን_ኤምኤስ (ማንሻዎቹ ቀስ በቀስ የሚቀነሱበት ጊዜ፣ በሚሊሰከንድ) 5000 ነው። የያው (አፍንጫን ወደ ግራና ቀኝ የማዞር) ፒ ጌይንን፣ ማለትም የእርማቱን ጥንካሬ፣ እጥፍ ላድርገው? ወይስ ጌይኖቹን ራሱ የሚያስተካክለውን ኪው አውቶቲዩን ልሞክር?

ፒቶት_ቱቦ፦

ጌይኑን ለጊዜው አትንካው። ከጻፍካቸው ቁጥሮች ሁለቱ ብቻቸውን ብዙ ይናገራሉ፤ 14.4 እና 12።

የፋብሪካ ሠንጠረዥ በአብዛኛው የሚለካው ለባሕር ጠለል በቀረበ ቦታ፣ ቮልቴጁ በማይወርድ የኃይል ምንጭ ነው። የአየር እፍጋት በባሕር ጠለል 1.225 ኪሎ በሜትር ኩብ ሲሆን በ2,350 ሜትር፣ በ25 ዲግሪ ሙቀት ወደ 0.89 ይወርዳል። 27 በመቶ ጎደለ ማለት ነው። በተመሳሳይ አርፒኤም የፕሮፔለር ግፊት ከእፍጋቱ ጋር እኩል ስለሚወርድ 14.4 ኪሎው አሁን 10.4 ገደማ ሆኗል።

ቀጥሎ ባትሪው አለ። ይህ ክብደት በዚህ ከፍታ ለሆቨር ብቻ ወደ 1,400 ዋት ይበላል። ሲሻገር ገፊው ሌላ 600 ወይም 700 ዋት ይጨምርና ድምሩ ከ90 አምፔር ያልፋል። የአንዱ ሴል ውስጣዊ ሬዚስታንስ 20 ሚሊኦም አካባቢ ነው ብንል 6ኤስ4ፒ ላይ 30 ሚሊኦም ይሆናል። በ90 አምፔር 2.7 ቮልት ጠፋ፤ ሽቦውና ማገናኛው ሳይቆጠር። 24 የነበረው 21.3 ላይ ይቀመጣል። አርፒኤም ቮልቴጁን ተከትሎ ይወርዳል፣ ግፊት ደግሞ ከአርፒኤሙ ስኩዌር ጋር ስለሆነ ሌላ 21 በመቶ ሄደ። የቀረህ 8.2 ኪሎ ነው፣ 7.2 ኪሎ ለሚመዝን አውሮፕላን። በሳሳ አየር ፕሮፔለሩ ስለሚቀለው አርፒኤሙ ከዚህ ስሌት ትንሽ ከፍ ይላል፤ ቢሆንም ከ1.2 እጥፍ በላይ አለኝ ብለህ አትቁጠር።

የመጀመሪያው ችግርህም ከዚሁ ይመነጫል። ሞተሮቹ የኃይላቸውን ጣሪያ ሲነኩ አርዱፓይለት ቅድሚያ የሚሰጠው ለሮል (ወደ ጎን ማዘንበል) እና ለፒች (አፍንጫ ማንሳትና መድፋት) ነው። ያው የራሱ መጠባበቂያ አለው፣ ኪው_ኤም_ያው_ሄድሩም፣ መነሻው ወደ ሞተሮቹ ከሚሄደው ሲግናል 200 ማይክሮሰከንድ። ያንን ሲጠቀም የሚቀነሰው ከጠቅላላው ማንሻ ኃይል ነው። ስለዚህ አፍንጫውን ለመያዝ በታገለ ቁጥር ከፍታ መጣሉ የሚጠበቅ ነው። የያው ጌይን እጥፍ ብታደርገው ቶሎ ጣሪያ ይመታል እንጂ ኃይል አይጨምርም።

መፍትሔው ባለ16 ኢንች ፕሮፔለር ነው። ስሌቱ ደስ ይላል፦ ባለ16 ኢንች በአዲስ አበባ አየር፣ በተመሳሳይ አርፒኤም ሞተሩን የሚጠይቀው ኃይል ባለ15 ኢንች በባሕር ጠለል የሚጠይቀውን ያህል ነው፤ ግፊቱም ወደ ሠንጠረዡ 94 በመቶ ይመለሳል። ሞተሩ አይጎዳም ማለት ነው። ባትሪውን ወይ 6ኤስ5ፒ አድርገው፣ ስድስት ሴል ወደ 420 ግራም ይጨምራል፤ ወይ ለዚህ ሥራ ሊፖ (ሊቲየም ፖሊመር) ባትሪ ተጠቀም። ማገናኛው ኤክስቲ60 ከሆነ ዛሬውኑ ይቀየር፣ ለ90 አምፔር አልተሠራም።

አሁን ወደ 12። ክንፍህ ትልቁ የማንሻ ኮፊሸንቱ (የክንፉን የማንሳት አቅም የሚገልጽ ቁጥር) 1.3 ነው ብለን ብንይዝ የስቶል ፍጥነቱ፣ ማለትም ከዚያ በታች ክንፉ ክብደቱን መሸከም የማይችልበት፣ በሰከንድ 12.2 ሜትር ይወጣል። አርዱፓይለት ማንሻዎቹን መቀነስ የሚጀምረው ፍጥነቱ ኤርስፒድ_ሚን ሲደርስ ነው። አንተ «12 ስትደርስ ቀንስ» ብለኸዋል፤ ልክ ስቶል ላይ። አፍንጫውን ቀና አድርጎ የሚወርደውም ለዚህ ነው።

በ15 እንኳ ክንፉ ክብደቱን ብቻውን ለመሸከም 0.85 ኮፊሸንት ያስፈልገዋል፣ ይህም ከ6 ዲግሪ በላይ አፍንጫ ማንሳትን ይጠይቃል። በሽግግር ጊዜ ግን ኪው_ትራን_ፒት_ማክስ አፍንጫውን 3 ዲግሪ ላይ ይገድበዋል። ስለዚህ ኤርስፒድ_ሚን 16፣ ኪው_አሲስት_ስፒድ 13.5፣ የጉዞ ፍጥነት 19 አድርገው። አሲስቱ ከስቶል በላይ፣ ከሚኒመሙ በታች መቀመጥ አለበት፤ 10 ላይ ሆኖ ማንሻዎቹን ሲጠራ ክንፉ ቀድሞ ወድቋል።

ኤርስፒድ ሴንሰሩ የሚያሳየው ከአየር ግፊት የሚሰላ ፍጥነት ስለሆነ የስቶል ቁጥሩ በከፍታ አይቀየርም። እውነተኛው ፍጥነት ግን 17 በመቶ ይበልጣል። ሴንሰሩ 16 ሲል ጂፒኤሱ፣ ነፋስ ከሌለ፣ ወደ 19 ያሳያል። ያንን አይተህ «በጣም እየፈጠነ ነው» ብለህ ኤርስፒድ_ሚንን እንዳትቀንሰው።

ባለቡም24፦

አመሰግናለሁ፣ ይህ ብዙ ነገር ገለጸልኝ። ሎጉን (የበረራ መዝገቡን) አየሁት፦ ሽግግሩ ሲጀምር 88 አምፔር፣ 20.9 ቮልት። በሆቨር ነፋስ በሌለበት ኪውቲዩን በሚባለው የሎጉ ክፍል ውስጥ ቲኤችኦ (የማንሻዎቹ ጋዝ፣ ሙሉው 1) 0.71 ነው። አንድ ያልገባኝ ነገር፣ በአርሲኦዩ (ወደ ሞተሮቹ የተላከው ሲግናል የተመዘገበበት ክፍል) ላይ ሲ5 እና ሲ6 1760 አካባቢ፣ ሲ7 እና ሲ8 ግን 1610 ናቸው። ነፋስ ሳይኖር ለምን ይለያያሉ?

ውሃ_ልክ፦

ሲ5 የፊት ቀኝ፣ ሲ6 የኋላ ግራ ነው። ሁለቱም ከላይ ሲታዩ ከሰዓት አቅጣጫ በተቃራኒ ይሽከረከራሉ፤ ሲፈጥኑ አፍንጫውን ወደ ቀኝ ይገፋሉ። ነፋስ በሌለበት ሁሌ ወደ ቀኝ የሚገፋ ከሆነ አንድ ነገር ሁሌ ወደ ግራ እየገፋው ነው። ይህ የጌይን ሳይሆን የጂኦሜትሪ ጉዳይ ነው።

ቡሞቹን ለካ። ቀኙ ቡም አፍንጫው ከግራው ይልቅ ዝቅ ብሎ ይሆናል፤ ወይም ግራው ቀና ብሎ። 1 ዲግሪ ብቻ ምን እንደሚያደርግ ተመልከት፦ አንድ ቡም ላይ ያሉት ሁለት ሞተሮች 35 ኒውተን ያነሳሉ፤ 1 ዲግሪ ወደፊት ቢያዘነብሉ 0.6 ኒውተን ወደፊት ይጎትታል፤ በ45 ሳንቲም ክንድ 0.28 ኒውተን ሜትር። ያንን በፕሮፔለር ቶርክ ብቻ ለማካካስ በሰያፍ ያሉትን አንዱን ጥንድ በ16 በመቶ ያህል ጨምሮ ሌላውን በዚያው ልክ መቀነስ ያስፈልጋል። ነፋስ ገና ሳይመጣ የያውህ ግማሽ አልቋል።

አለካኩ እንዲህ ነው። ክንፉን በውሃ ልክ አስተካክለህ ጠረጴዛ ላይ አስረው። ፕሮፔለሮቹን ፍታ። 30 ሳንቲም ቀጥ ያለ የአሉሚኒየም ዘንግ በእያንዳንዱ ሞተር መቀመጫ ላይ አስቀምጥና በዲጂታል አንግል መለኪያ አራቱንም መዝግብ፣ ፊትና ኋላ እንዲሁም ግራና ቀኝ። በሁለቱ ቡሞች መካከል የፊትና ኋላ ልዩነት ከ0.3 ዲግሪ መብለጥ የለበትም። ክብ የካርቦን ቱቦ በክላምፕ ውስጥ እንደሚንሸራተት አትርሳ፤ ከጠነከረ ማረፊያ በኋላ ደግመህ ለካው። ቡሙና ክላምፑ ላይ በቀለም አንድ መስመር ካሰመርክ መንሸራተቱን በዓይን ታያለህ።

ከዚያ ያውን በእውነት የሚጨምርልህን ሥራ። ሞተሮቹን ወደ ውጭ 3 ዲግሪ አዘንብላቸው። የ15 ኢንች ፕሮፔለር ቶርክ ለእያንዳንዱ ኒውተን ግፊት 0.024 ኒውተን ሜትር አካባቢ ነው። 3 ዲግሪ ሲያዘነብል ግማሽ ሜትር ክንድ ላይ 0.026 ይጨምራል። ያውህ ከእጥፍ በላይ ሆነ፤ የምታጣው የማንሻ ኃይል 0.14 በመቶ ነው። በቡም ላይ ደግሞ ሥራው ቀላል ነው፤ ፊቱም ኋላውም ወደ አንድ ጎን ስለሚያዘነብሉ ሽብልቅ ማተም አያስፈልግም፣ ክላምፑን አላልተህ ሙሉውን ቡም 3 ዲግሪ ማዞር ይበቃል። የቀኙ ወደ ቀኝ፣ የግራው ወደ ግራ። በ30 ሳንቲም ዘንግ የውጭው ጫፍ 1.6 ሳንቲም ዝቅ ይላል።

ይህ ግን የሚሠራው የሞተሮቹ አዟዟር የተለመደው ኤክስ (የፊት ቀኝና የኋላ ግራ ከሰዓት አቅጣጫ በተቃራኒ የሚዞሩበት) ከሆነ ብቻ ነው፣ ያንተ ይመስላል። አዟዟሩ የተገለበጠ ከሆነ ማዘንበል ያለበት ወደ ውስጥ ነው። ካሳሳትከው 0.024 እና 0.026 ተጣፍተው ያው የሚባል ነገር አይኖርህም፤ እንዲያውም በትንሹ ተገልብጦ ይሠራል። ስለዚህ በሞተር ቴስት፣ ፕሮፔለር ሳይኖር፣ የአራቱንም አዟዟር በዓይንህ ሳታይ አትብረር።

ሌላው ትግሉን መተው ነው። ትልቅ ቀጥ ያለ ጅራት ያለው አውሮፕላን ነፋስ ሲመታው አፍንጫውን ወደ ነፋሱ ማዞሩ ተፈጥሮው ነው። ኪው_ደብሊውቬን_ኢኔብል 1 አድርገው፣ በኪውሎይተር (በማንሻዎቹ ቦታውን ይዞ በሚቆምበት ሞድ) እና በማረፊያ ጊዜ ራሱ ወደ ነፋሱ ይዞርልሃል። ቀጥ ብላ የምትነሳው ተዋጊ ጄት ሃሪየር ከፊት መስታወቷ አጠገብ ትንሽ የነፋስ አመልካች የተተከለላት ፓይለቱ በዝቅተኛ ፍጥነት አፍንጫዋን ነፋሱ ላይ እንዲያቆይ ነው፤ በጎን ከተንሸራተተች የሚመጣው የሮል ጉልበት ከመቆጣጠሪያው ይበልጥ ነበርና።

ለሽግግሩ እኔ ኪው_ትራንዚሽን_ኤምኤስን 8000 አደርገው ነበር።

ቁልቁለት፦

ከውሃ_ልክ ጋር በመጨረሻው ነጥብ አልስማማም። 8000 ማለት ሦስት ተጨማሪ ሰከንድ ማንሻውም ገፊውም አብረው የሚበሉበት ጊዜ ነው፣ ያውም ቮልቴጁ 20.9 በወረደበት ባትሪ። ጊዜ ማርዘም የሚጠቅመው በዚያ ጊዜ ውስጥ ፍጥነት የሚጨምር ከሆነ ነው። የዚህ አውሮፕላን ገፊ ግን የሚጨምርበት አቅም የለውም።

14×6ን ተመልከቱ። 6 ኢንች 0.152 ሜትር ነው፤ 7,500 አርፒኤም በሰከንድ 125 ዙር። ሲባዛ 19 ሜትር በሰከንድ። ፒቶት_ቱቦ ቀድሞ እንዳለው ሴንሰሩ 16 ሲል እውነተኛው ፍጥነት 19 ገደማ ነው። ፕሮፔለሩ ገደቡ ላይ ደረሰ፣ ከዚያ በላይ የሚሰጠው ግፊት እዚህ ግባ አይባልም። ይኸው ገፊ በባሕር ዳርቻ ከተማ ቢበር እንደ ምንም ያልፍ ነበር፤ አዲስ አበባ ላይ አያልፍም። ኤርስፒድ_ሚንን ወደ 16 ማሳደግ ብቻውን ችግሩን ቦታ ያስቀይረዋል፤ አውሮፕላኑ 16 ሳይደርስ ማንሻዎቹ ባትሪውን እየጨረሱ ይቆያሉ። ገፊውን 13×8 አድርገው። በተመሳሳይ አርፒኤም 25 ሜትር በሰከንድ ይሰጣል። መሬት ላይ አስረህ ሙሉ ጋዝ ስጠውና አምፔሩ ከሞተሩና ከኢኤስሲው (የሞተር ፍጥነት መቆጣጠሪያው) ገደብ በታች መሆኑን አረጋግጥ። ኪው_ትራንዚሽን_ኤምኤስ 5000 ይበቃል። ኪው_ትራንስ_ፌይልን (ለሽግግሩ የሚፈቀደውን ረጅሙን ጊዜ) ደግሞ 20 ሰከንድ ላይ አድርግ፤ ዜሮ ላይ ከተተወ ያልተሳካ ሽግግር ባትሪው እስኪያልቅ ይቀጥላል።

የፒቶት ቱቦው (የኤርስፒድ ሴንሰሩ አየር መቀበያ) ቦታስ? ከፊት ማንሻ ሞተሮች ጀርባ ወይም አጠገብ ከሆነ የሚያነበው የፕሮፔለሩን አየር ነው። ከቡሙ ውጭ ባለው የክንፍ ክፍል፣ ከክንፉ ፊት ቢያንስ 15 ሳንቲም ወጣ ብሎ ይተከል። መሬት ላይ ዜሮ ሲደረግ ቱቦውን ሸፍነው፤ የአዲስ አበባ የቀትር ነፋስ ባልተሸፈነ ቱቦ ላይ የሐሰት ዜሮ ይሰጣል።

ስትመለስ የሚያሻቅበው በ20 ሜትር ፍጥነት ላይ ሆነህ ወደ ሆቨር ስለምትቀይር ነው። ብሬክ ለመያዝ አፍንጫው ሲነሳ ክንፉ ክብደቱን ከነትርፉ ያነሳል፤ የከፍታ መቆጣጠሪያው ማንሻዎቹን እስከ ታች ይቀንሳል። ፍጥነቱ አልቆ ክንፉ ሲለቅ ማንሻዎቹ ከታች ተነስተው መድረስ አለባቸው፣ ያንተ ዓይነት ጠባብ አቅም ባለው ላይ ይዘገያሉ። አስቀድመህ በክሩዝ ወደ 16 አውርደው፣ ወደ ነፋሱ አዙረው፣ ከዚያ ቀይር። ኪው_ባክትራንስ_ኤምኤስ 3000 ላይ መሆኑን እይ፤ አፍንጫው በአንዴ እንዳይነሳ የሚያደርገው እሱ ነው። በሎይተር ነፋስ ላይ ለመቆም አፍንጫ ደፍቶ ክንፉ ወደ ታች እንዳይጫነው ኪው_ቪፎርዋርድ_ጌይንን 0.05 አስጀምረው፤ በማዘንበል ፋንታ ገፊውን ይጠቀማል።

መንቀጥቀጡ የራስህን የታች አየር መልሰህ ስለምትገባበት ነው። የፕሮፔለሮችህ የታች አየር ፍጥነት በዚህ ክብደትና እፍጋት በሰከንድ 9 ሜትር ገደማ ይወጣል። ቀጥ ብሎ መውረድ ከዚህ ግማሽ ሲደርስ አዙሪቱ ይይዝሃል፤ መንቀጥቀጡ ግን ቀደም ብሎ በ2.5 ወይም 3 ሜትር ይጀምራል። አንዱ ፕሮፔለር ከሌላው ቀድሞ ሲገባ አውሮፕላኑ በዚያ ጎን ይወድቃል። ኤፕሪል 2000 እ.ኤ.አ. በአሪዞና፣ ማራና ላይ 19 የአሜሪካ ማሪኖች የሞቱበት የቪ-22 ኦስፕሬይ (ቀጥ ብሎ መነሳትና ማረፍ የሚችል ወታደራዊ አውሮፕላን) አደጋ ይኸው ነው፤ ከ40 ኖት በታች የመውረድ ገደቡ በደቂቃ 800 ጫማ ሲሆን እሱ ከ2,000 በላይ ይወርድ ነበር። አንተ ኪው_ደብሊውፒ_ስፒድ_ዲኤንን (የመውረጃ ፍጥነቱን) 150 ላይ ተወው፣ በሰከንድ 1.5 ሜትር ነው። ቶሎ ማውረድ ካስፈለገህ በክንፍ እየዞርክ እስከ 30 ሜትር ውረድ፣ ሆቨሩን ለመጨረሻው ብቻ አስቀር።

ባለቡም24፦

ቡሞቹን ለካሁ፤ የቀኙ 0.9 ዲግሪ ወደ ታች ነው። ነገ አስተካክለዋለሁ። አንድ ጥያቄ፣ ቦታው ስላለ በ16 ፋንታ በቀጥታ 17 ኢንች ብገዛስ?

ፒቶት_ቱቦ፦

17 አይሆንም። በተመሳሳይ አርፒኤም፣ በዚህ አየር እንኳ ከሠንጠረዡ 36 በመቶ የበለጠ ኃይል ይጠይቃል፤ ሙሉ ጋዝ ላይ ሞተሩም ኢኤስሲውም ይሞቃሉ። ከዚያም በላይ ፕሮፔለሩ ሲከብድ ቶሎ መፍጠንና መቀነስ ያቅተዋል፣ ይህ ደግሞ ሮሉን ያዘገየዋል።

16ቱን ስትገጥም ኪው_ኤም_ቲኤችኤስቲ_ኤክስፖን (ጋዝና ግፊት እንዲመጣጠኑ የሚያደርገውን ቅንብር) 0.7 አድርግ። ለሆቨር የሚያስፈልገውን ጋዝ ራሱ የሚማርበት ኪው_ኤም_ሆቨር_ለርን 2 ላይ ይሁንና ነፋስ በሌለበት ማለዳ ለጥቂት ደቂቃ አቁመው። ቲኤችኦ ከ0.71 ወደ 0.6 ካልወረደ ወይ ክብደቱ 7.2 አይደለም፣ ወይ ባትሪው ከገመትነው በላይ ይወርዳል፤ ሚዛን ላይ አውጣው። አውቶቲዩን ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። ወርዶ እንዳረፈ አራቱን ሞተሮች በእጅህ ንካ። ሁለት በሰያፍ ያሉት ከሌሎቹ የበለጠ ከሞቁ ቡሙ አሁንም አልተስተካከለም።